ሠላሳ አራት ሞጁል ጨርሼ አንዲት እናት የጠየቁኝን መመለስ አቃተኝ

የመስኮቷ (ባሕር ዳር)፣ ሐሙስ ምሽት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት በስቲያ የገጠመኝን ልንገራችሁና ምክራችሁን ልስማ።

በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ እሠራለሁ። ዘንድሮ ሥልጠናችን በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ተዛውሯል። ቀድሞ በዓመት አንዴ አዳራሽ ተሰብስበን የምንማረው አሁን በየሳምንቱ በስልክና በኮምፒውተር ይመጣል። በስድስት ሳምንት 34 ሞጁል ተሰጥቶኝ 34ቱንም ጨርሻለሁ፤ ሕገወጥ ገንዘብን ስለመከላከል፣ ደንበኛን ስለማወቅ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ሳይበር ደኅንነት፣ ስለ ደንበኛ አያያዝ። አብዛኛውን የወሰድኩት ልጄን ካስተኛሁ በኋላ፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው ሪያድ ትሠራለች፤ የላከችላቸውን ሐዋላ ሊወስዱ ነው። ብሩን መቁጠር ስጀምር ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህ ገንዘብ ሳይመነዘር በዶላርነቱ ሊቀመጥልኝ አይችልም? ጎረቤቴ ይቻላል ትላለች» አሉኝ።

እጄ ብሩ ላይ ቆመ። ይህን እንደተማርኩ አውቃለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓት ለውጥ ጋር ብሔራዊ ባንክ ስላወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የወሰድኩት ሞጁል 62 ስላይድ ነበረው። ፈተናውን መቶ ከመቶ አግኝቻለሁ። ሰማያዊው ሰንጠረዥ ገጹ ላይ በየት በኩል እንደነበር ሳይቀር ይታየኛል፤ በውስጡ የተጻፈው ግን አይታየኝም። «እስቲ ጠይቄ ልምጣ» ብዬ ተነሣሁ። ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ ላይ ነበር። ስመለስ ሰልፉ ረዝሟል፤ እናትየው «ግድ የለም ልጄ፣ አትቸገሪ» ብለው ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

ማታ መመሪያውን ከፍቼ አነበብኩት። ገንዘቡ ከውጭ የተላከለት መሆኑን በማስረጃ ማሳየት የሚችል ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ይችላል። ጎረቤታቸው ትክክል ነበረች። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚህ ላይ አራት የሥራ ቴሌግራም ቡድን ውስጥ አለሁ። በየቀኑ ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ የመመሪያ ማሻሻያ ይለጠፋል። «በኋላ አነበዋለሁ» ብዬ ያስቀመጥኩት ብዛቱ ያስፈራኛል። እናንተ ይህን ሁሉ እንዴት ትይዙታላችሁ? ወይስ ችግሩ የእኔ ነው?

ሥልጠና አዘጋጅ (አዲስ አበባ)፣ ሐሙስ ምሽት 4፡25

እህቴ፣ ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚው። እኔ እንደዚያ ያሉ ሞጁሎችን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝና እንዴት 62 ስላይድ እንደሚደረስ ልንገርሽ።

አንድ ሞጁል ስጀምር ዘጠኝ ወይም አሥር ገጽ ነው። ለሕግ ክፍል ይላካል፤ «እነዚህ አንቀጾች ካልገቡ ኋላ እንጠየቃለን» ይሉና ሰባት ገጽ ይጨመራል። ለኦዲት ይላካል፤ እነርሱም ያለፈው ዓመት ግኝታቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ። የሥጋት አስተዳደር ክፍሉ የራሱን ያመጣል። ሁሉም ጨምር የማለት ሥልጣን አለው፤ አውጣ የማለት ሥልጣን ያለው ግን የለም። በመጨረሻ ፊርማ የሚያርፍበት ሰነድ ሁሉንም ክፍሎች ያስደሰተ ነው፤ መስኮት ላይ ቆመሽ ምን እንደምትጠየቂ ያሰበ ሰው በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ አልነበረም። ለዚህ የእኔም እጅ አለበትና ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

አሁን ስለ ጭንቅላታችን። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ሊይዝ የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አለ። ኔልሰን ኮዋን በ2001 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ቁጥሩን ወደ አራት አወረደው። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ደግሞ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስረዳው ነገር ለእኔ ሥራ ከሁሉም ይበልጣል፤ ትምህርቱ በራሱ የሚያመጣው ሸክም አለ፣ አቀራረቡ ያለ ምክንያት የሚጭነው ሸክምም አለ። የመጀመሪያውን ማጥፋት አይቻልም። ሁለተኛውን ግን እኛ ነን የምንፈጥረው። ገጹ ላይ ተጽፎ የሚታየውን ዓረፍተ ነገር ተራኪው ቃል በቃል ሲያነበው ዓይንና ጆሮ አንዱን ነገር እኩል ለመከተል ይራኮታሉ። ይህን እያወቅን እንሠራዋለን፤ ምክንያቱም ድምፅ ያለው ሞጁል የተደከመበት ይመስላል።

ሰማያዊው ሰንጠረዥ የታየሽም ለዚህ ነው። ዓይንሽ ገጹን ለመደው። ፈተናው ደግሞ ከንባቡ አምስት ደቂቃ በኋላ ከአራት ምርጫ አንዱን ተጫኚ የሚል ስለነበር፣ የለመድሽውን መለየት በቃሽ። መስኮት ላይ ግን ምርጫ የሚያቀርብልሽ የለም።

ሒሳብ ሠራተኛ (ሐዋሳ)፣ ዓርብ ጠዋት 1፡50

እኔ ጋ ቪዲዮውን አስከፍተን ድምፁን ዘግተን ሥራችንን እንሠራለን። ሲያልቅ ፈተናውን ተጠያይቀን እንሞላለን። ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። አንቺ ስለተናገርሽ አመሰግናለሁ።

የአብነት ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፣ ዓርብ ምሽት 2፡00

እኔ ቅኔ ቤት አድጌ አሁን ፕሮግራሚንግ የምማር ሰው ነኝ። ሁለቱንም አየሁና አንድ ነገር ልበል።

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭሩን ቅኔ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሁለት ስንኝ። ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ሁለት ስንኝ ያስባል። ሲመሽ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከተበላሸ ይታረማል፤ ነገም ጉባኤ ቃና ነው። ሲቀናው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ሦስት ቤት። እንዲህ እያለ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደርሰው። መምህሩ መወድስን በመጀመሪያው ቀን አያሸክሙትም። ስላልነበራቸው አይደለም፤ ሁሉም በቃላቸው አለ። ተማሪው ያልነገረውን ነገር ተምሯል ብለው ስለማይቆጥሩ ነው።

ንባብ ቤትም እንደዚያው ነው። አንዱን ዳዊት በግእዝ ንባብ፣ በወርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለስን አነበብነው። ዜማ ቤት ያሉት ደግሞ ቀን የተቀበሉትን ሌሊት በጨለማ በቃላቸው ይቀጽላሉ፤ መጽሐፍ በማይታይበት ሰዓት ከአፍ የወጣ ብቻ ነው ያለህ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲመጣ እኔም ተመዘገብኩ፤ ነፃ ነው፣ ጥሩ ዕድል ነው፣ ለብዙ ልጆች በር ከፍቷል። ነገር ግን በራሴ ችኮላ የፕሮግራሚንጉንም፣ የዳታ ሳይንሱንም፣ የአንድሮይዱንም አንድ ላይ ጀመርኩ። በዩቲዩብ ሌላ ሦስት አስተማሪ ተከተልኩ። ሁለት ወር ቆይቼ አንድ ቀላል ፕሮግራም ከባዶ ገጽ ጻፍ ብባል አልቻልኩም። ያን ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ። ሁሉንም ትቼ አንዱን ያዝኩ። ቀን ያየሁትን ማታ ቪዲዮውን ዘግቼ ከባዶ እጽፈዋለሁ፤ ካልወጣልኝ ወደሚቀጥለው አላልፍም። ፍጥነቴ በጣም ቀነሰ። የጻፍኩት ግን የእኔ ሆነ።

እህቴ፣ 34ቱን ሞጁል የሰጠሽ አለ። የተቀበለሽ ማን ነው? ማን ፊት ነው የነገርሽው?

ዩኒቨርሲቲ መምህር (ጎንደር)፣ ዓርብ ምሽት 3፡30

የአብነት ልጅ ያለው ልቤን ነክቶታል። አንድ ነገር ልጨምርበት፣ በከፊልም ላልስማማ።

ለብዙ ሕዝብ ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ትምህርት ሲጀመር ይህ ጩኸት አብሮ ተወልዷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳው የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮርስ ከፈቱ። ከፍለው የተመዘገቡት 25 ያህል ተማሪዎች ነበሩ፤ በነፃ የገቡት ከሁለት ሺህ በላይ። እያንዳንዱ በየራሱ ገጽ እየጻፈ፣ እየተወያየ፣ ጎርፍ ሆነ። ተማሪዎቹ ሰጠምን አሉ። አስተማሪዎቹ የሰጡት ምላሽ «ሁሉንም ለማንበብ አትሞክሩ፣ የሚጠቅማችሁን ምረጡ» የሚል ነበር፤ ዳውንስም የዕለቱን ሰብስቦ በየቀኑ በኢሜይል ይልክ ነበር።

«ምረጡ» የሚለው ምክር ለሚያውቅ ሰው መልካም ነው። ጀማሪ ግን የቱ ፍሬ የቱ ገለባ እንደሆነ ገና አያውቅም፤ ለማወቅ ነው የመጣው። የአብነት ልጅ አንዱን ለመያዝ የቻለው የኔታ ቀድመው ሥርዓቱን ስላሳዩት ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬ 40 ፒዲኤፍ ስልክለት ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የመምረጡን ድካም ከእኔ ትከሻ አውርጄ በእርሱ ላይ ጭኜበታለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ለሳምንት አንድ ጽሑፍ ብቻ ሰጠሁ፤ ሌላውን ሲጠይቁኝ ሰጠሁ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ጽሑፉን አንብበው የመጡ ተማሪዎች ሲከራከሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ማናጀር (አዳማ)፣ ቅዳሜ ጠዋት 4፡15

ባንክ ውስጥ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜታችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን የአንድ ወገን ወሬ ሆነ። ሥልጠናው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ሕገወጥ ገንዘብን ስለመከላከል ከአዋጅ ቁጥር 780/2005 ጀምሮ ባንክ ሠራተኞቹን የማሠልጠን ግዴታ አለበት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ማን፣ መቼ፣ ምን ሠለጠነ?» ብሎ ይጠይቃል። ማስረጃ ካላቀረብኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሞጁሉን ቀንሱ ማለት ቀላል ነው፤ የተቀነሰው ቦታ ላይ ጥፋት ቢደርስ ግን ማን ይቆማል? ሠራተኛውም ቢሆን ድምፁን ዘግቶ ፈተና ከገለበጠ ድርሻውን አልተወጣም።

ሥልጠና አዘጋጅ (አዲስ አበባ)፣ ቅዳሜ ጠዋት 5፡00

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ መዝገቡ ይቀመጥ፣ ሞጁሉም ይኑር። የምለምንዎት ሁለት ነገር እንዲለይ ነው። በቃል መታወቅ ያለበትና የት እንደሚገኝ ብቻ መታወቅ ያለበት። አጠራጣሪ ግብይት ስታይ ምን ታደርጋለች የሚለው በቃል ይሁን፤ ደንበኛው ፊቷ ቆሞ ገጽ ልታገላብጥ አትችልም። የመመሪያው ዝርዝር ግን በግማሽ ደቂቃ የምታገኘው አንድ ወረቀት ላይ ቢሆን ይበቃል። እኛ ሁለቱን ቀላቅለን በ62 ገጽ ስለምናቀርበው በቃል መያዝ ያለበትም አብሮ ይጠፋል።

ነርስ (ደሴ)፣ ቅዳሜ ምሽት 2፡45

ስለ ወረቀቱ እኔ ልመስክር።

በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቦይንግ የሠራው አዲስ የጦር አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ተከሰከሰ። አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ከመነሣቱ በፊት መፈታት የነበረበት አንድ መቆለፊያ ተረስቶ ነው። ከዚያ በኋላ አብራሪዎቹ ረጅም ሥልጠና አልጨመሩም፤ አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ለቀዶ ሕክምና 19 ነጥብ ያለው ዝርዝር አወጣ። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም የሟቾች መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ትልልቅ ሐኪሞች ናቸው፤ የማያውቁት ነገር አልተነገራቸውም። የሚያውቁት ነገር በትክክለኛዋ ሰዓት እንዲነሣ ተደረገ።

እኛ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ሥዕል ያለበት ወረቀት አለ፤ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ የልምምድ አሻንጉሊት ሕፃን አለ። ሕፃን ተወልዶ ካልተነፈሰ የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ናት ወሳኟ፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ በአየር መስጫው መርዳት መጀመር አለብን። ይህን በኢንተርኔትም ተምሬዋለሁ፣ ለፈቃድ እድሳት፣ ሲፒዲ ለሚባለው ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ነጥብ ብዬ። የረዳኝ ግን አሻንጉሊቱ ነው። ተረኛ ስንቀያየር አንዷ ሌላዋን «አልተነፈሰም!» ትላታለች፤ ሌላዋ እጇን ታጥባ አሻንጉሊቱን ታነሣለች። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ብርሃን ስንሠራ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ልጁ አለቀሰ። አሁን ስጽፈው እንኳ ያንን ልቅሶ እሰማዋለሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሥልጠናችንን የምንታጠቀው በሩጫ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሑድ ሌሊት

እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ነኝ። ቀን ታክሲ እየነዳሁ ማታ ለሳይበር ደኅንነት ፈተና፣ ሴኩሪቲ ፕላስ ለሚባለው፣ አጠና ነበር። እዚህ ብዙ የአገራችን ልጆች በዚህ መንገድ ያልፋሉ። ቅናሽ በወጣ ቁጥር ኮርስ እገዛለሁ፤ 11 ደረሰ። ደንበኛ እስኪመጣ መኪና ውስጥ ቪዲዮ አያለሁ። ሁሉም ግልጽ ነው፣ ሁሉም ይገባኛል። ፈተናው በ90 ደቂቃ እስከ 90 ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ 750 ነጥብ ያስፈልጋል። ወደቅሁ። ለፈተናው ያወጣሁት ገንዘብ የአንድ ሳምንት ድካሜ ነበር፤ ለባለቤቴ መንገር አቃተኝ።

ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በ2006 እ.ኤ.አ. ስለተሠራ ጥናት ነገረኝ፤ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ በአራት ዙር ደጋግመው አነበቡት። ሌሎች በአንድ ዙር አንብበው በሦስት ዙር ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ ያህል፣ ራሳቸውን የጠየቁት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። ይህን ስሰማ የወደቅሁበት ምክንያት ገባኝ። እኔም ብዙ ጊዜ ከማየት በቀር ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሥሩን ኮርስ ዘጋሁ። መሪው ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌ፣ ሰው ባወረድኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ለራሴ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። በአራተኛው ወር አለፍኩ። እህቴ፣ ያስጨነቀሽ የእናትየው ጥያቄ አሁን በደንብ የምታውቂው ነገር ሆኗል። እስቲ ሌላ አሥር ደንበኛ ይጠይቅሽ!

የመስኮቷ (ባሕር ዳር)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ 9፡20

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው።

የጻፋችሁትን ለሥራ አስኪያጃችን አነበብኩለት። ሞጁሉን መቀነስ የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ስለዚህ እርሱን እንደነበረ ተውነው። ማክሰኞና ሐሙስ በር ከመከፈቱ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ ግን ወሰድን። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መስኮት ላይ የተጠየቀውንና መመለስ ያቃተውን ጥያቄ ያመጣል። ወረቀት ሳናይ እንመልሳለን። ከዚያ መመሪያውን ከፍተን እናመሳክራለን፤ ትክክለኛው መልስ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፍና ከመስኮቱ በስተውስጥ ይለጠፋል። ቦታ ከሞላ አንዱ ሳይነሣ ሌላ አይጨመርም።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ አልነበረም። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሰው ሁሉ ፊት ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው፤ ቀኑን ሙሉ ሳያናግረን ዋለ። እኔም አዘንኩ፤ ያፈረ ሰው ሁለተኛ አላወቅሁም አይልም። አሁን ሁለት ሁለት ሆነን እንጠያየቃለን፤ ያ ልጅ ሐሙስ ዕለት ራሱ ሁለት ጥያቄ ይዞ መጣ። ከቴሌግራም ቡድኖቹም ሦስቱን ድምፃቸውን ዘጋሁ። ደብዳቤ ሲመጣ የሚያይልን ሰው በየሳምንቱ በተራ መደብን፤ እኛን የሚነካ ካለ እርሱ ይነግረናል።

እናትየውን በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ በሂሳባቸው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ዕዳ ያለባቸው መስሏቸው ደነገጡ። ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «እና ለዚህ ብለሽ ደወልሽልኝ?» አሉኝ። ልጃቸው በየሁለት ወሩ ትልካለች፤ በሚቀጥለው ሲመጡ እኔ መስኮት እንደሚሰለፉ ነገሩኝ።

ወረቀታችን ላይ አሁን አምስት ጥያቄ አለ። አራቱ ጠርተዋል። አምስተኛው ከእርሳቸው ጉዳይ የመጣ ነው፤ ነዋሪው በከፈተው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያለውን ገንዘብ ለምን ለምን ክፍያ ሊያውለው እንደሚችል በሁለት መስመር መጻፍ አቅቶናል፤ ሁለት ጊዜ ጽፈን ሁለቱንም ቀደድነው። ሥልጠና አዘጋጁ ወንድሜ፣ መመሪያው አጠገብህ ካለ እስከ ማክሰኞ ጠዋት እንዴት ብለህ ታሳጥረው ነበር?

ሥልጠና አዘጋጅ (አዲስ አበባ)፣ ቅዳሜ 10፡05

አለኝ። ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ። የቀደዳችሁትንም ላኪልኝ፤ የት ላይ እንደተደናቀፋችሁ ካላየሁ እኔም እዚያው እወድቃለሁ።

ማናጀር (አዳማ)፣ ቅዳሜ 11፡40

ሲያልቅ ለእኔም ላኪልኝ፣ ልጄ። የእኛም በር የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እገኛለሁ።